ጣዝማ ነው አልኳቸው

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለደረሰ
ናይሮቢ

እንደምን ሰንብተሃል? «ባለቤቴ» ማለቴ ከደነቀህ፣ ፍርድ ቤት እስካሁን ሌላ ስም ስላላወጣልህ ነው። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ሮሆቦት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደፋ ቀና ትላለች። ቁመቷ እኔን አልፏል፣ አፍንጫዋ ግን ያው ያንተ ነው፣ ምን ይደረግ። የፒያሳው ሱቄም እንዳለ ነው፤ ሰው እስከወለደ ድረስ የልጆች ልብስ ይሸጣል። ዝናቡ ዘንድሮ አላቋርጥ ብሎ ቆይቶ አሁን ገና ፀሐይ አየን። ጓሮው አብቧል፤ አብቦ ነበር ልበል።

ይህን ደብዳቤ ከካርቶኑ ጋር የሚያመጣልህ ሰው በሞያሌ እየተመላለሰ የሚነግድ ደንበኛዬ ነው። ሻይ እንኳን ጋብዘው፣ ከመንገድ ነው የመጣው። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ስልክ ላይ ነገሬ ሳያልቅ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ትላለህ። የናይሮቢ ኔትወርክ ምን ዓይነት እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ክፉ መናገር ስጀምር ብቻ ነው የሚቆራረጠው። ወረቀት አይቆራረጥም። እስከ መጨረሻው እንደምታነበው ደግሞ አውቃለሁ፣ የጻፍኩት ስለ ንቦችህ ነውና።

ባለፈው ወር መልእክትህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የታመምክ መስሎኝ ነበር። ከሄድክ ወዲህ ለእኔ እንደዚያ ያለ ረጅም ነገር ጽፈህ አታውቅም። «አባይዬ» ብለህ ነው የጀመርከው። አባይዬ! ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀሪውን አነበብኩ። የጓሮውን ጭቃ ቤት አደራ፤ ግድግዳውን ማንም እንዳይነካው፤ እዚያ የምትኖረዋ ንብ እስካሁን ሳይንስ ያላወቃት ሳትሆን አትቀርም፤ ሦስት ናሙና በሰው ላኪልኝ፤ ከገና በኋላ ከሚያስተምረኝ ፕሮፌሰር ጋር መጥተን ቤቷን በዓይናችን ማየት አለብን፤ ይህ ነገር ከተሳካ ሕይወቴ ይቀየራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «በርቺ» ትላለህ። ስለ እኔ የተጻፈ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ደጋግሜ ፈለግኩ፣ የለም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ ያንተ ጉድ ግን ከመስከረምም በኋላ ይሰማል። ለእናቴ ቀብር ያልመጣህ ሰው፣ ልጅህ ታይፎይድ ይዟት ስትተኛ ያልመጣህ ሰው፣ ለጭቃ ግድግዳ ልትመጣ ነው! አባትህ ደረሰ ብለው ስም ሲያወጡልህ ምን አስበው እንደነበር አላውቅም። መድረስ ካለብህ ቦታ አንድም ቀን ደርሰህ አታውቅም።

ለመሆኑ ያቺን ንብ ማን ነው ያገኛት? እስቲ አስታውስ። ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ አንዷ ትንሽዬ ጥቁር ንብ ከጭቃው ቀዳዳ ወጥታ ፊቴ ላይ ቆማ ክንፏን አራገበች። የኋላ እግሮቿን ብርቱካንማ ጠጉር እስከ ጉልበቷ አልብሷት ነበር። «ደረሰ! ና እስኪ ይቺን እያት፣ ካልሲ አድርጋለች!» ብዬ ጮህኩ። በፒጃማህ ሮጠህ መጥተህ እርጥብ መሬት ላይ ተንበረከክህ። ጸሎት ላይ እንኳን እንደዚያ ስትንበረከክ አይቼህ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሟ ባለካልሲዋ ሆነ። ሮሆቦትም ባለካልሲዋ፣ አንተም ባለካልሲዋ። ምሳ ላይ «ባለካልሲዋ ዛሬ ወጥታለች?» ብለህ ትጠይቀኝ ነበር።

ደግሞ እውነት ለመናገር አስተምረኸኛል። እኔ ንብ ማለት ቀፎ፣ ማርና ንድፊያ ይመስለኝ ነበር። ንብ ሁሉ በመንጋ አይኖርም፣ ንብ ሁሉ ማር አይሠራም አልከኝ። ጽጌረዳዬን በመቀስ እንደተቆረጠ ክብ ክብ እያደረገች ቅጠሉን የምትወስደውን አሳየኸኝ፤ እኔ ለካ አንበጣ ነው ብዬ አመድ ስነሰንስባት ነው የከረምኩት። የጣሪያውን ወራጅ የምትበሳዋን ድብልብል ጥቁርም አሳየኸኝ። ወንዶቹንም አሳየኸኝ፣ ማምሻ ላይ የሣር አገዳ በአፋቸው ነክሰው ተንጠልጥለው የሚያድሩትን። «እነዚህ ቤት የላቸውም። ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ባገኘበት ያድራል» ስትለኝ ከት ብዬ ሳቅኩ። ምን ያለሁ ጅል ነኝ፣ እየነገርከኝ ነበር ለካ።

የራሷን ቤት የማትቆፍረዋን ያሳየኸን ቀንማ አይረሳኝም። «ይቺ ባለቤቷ እስክትወጣ ጠብቃ ትገባና በሰው ቤት እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች» አልክ። ታቢታ፣ ያቺ የላቦራቶሪ ባልደረባህ፣ ካሜራዋን አንግታ አጠገብህ ቆማ ነበር። «ውይ፣ ስታሳዝን!» አለች። የትኛዋ እንዳሳዘነቻት ያኔ አልገባኝም። ወንበር ያወጣሁላት እኔ! ዓሣ ጠብሼ፣ ሎሚ ጨምቄ፣ «ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል» እያልኩ ያጎረስኳት እኔ! ከዚያ ሁለታችሁም ለትምህርት ናይሮቢ ትላላችሁ። የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ግድግዳውን ያየ ሰው ሁሉ ምን ይል እንደነበር ታስታውሳለህ? «ጣዝማ ነው!» እንግዳውም፣ መብራት ሊጠግን የመጣውም፣ ለኅብረት ጸሎት የሚመጡት እህቶችም። አገሩ ሁሉ ከቀፎ ውጪ ያለችን ትንሽ ንብ በሙሉ ጣዝማ ነው የሚላት፤ ለሳል፣ ለጉሮሮ፣ ለምኑም ለምኑም የሚሆን መድኃኒት ማር አላት ብሎ። አንተ ደግሞ ይቺን ቃል ስትሰማ ደምህ ይፈላል። «ጣዝማ አይደለም! ጣዝማ መሬት ሥር ነው፣ በመንጋ ነው፣ ማር ያጠራቅማል! ይቺ ለብቻዋ የምትኖር ናት፣ ለልጇ የአበባ ዱቄት ለውሳ ከማስቀመጥ በቀር ማር የሚባል የላትም!» የኅብረታችንን መሪ ጋሽ ደምሴን እንኳን «ጋሼ፣ ያላወቁትን ባይናገሩ» ብለሃቸው ይቅርታ ስጠይቅ የከረምኩት እኔ ነኝ። ሰው ከሄደ በኋላ ለእኔ ትነግረኝ ነበር። «አባይዬ፣ እነዚህን ንቦች የሚጨርሳቸው መርዝ አይደለም፣ ይቺ ቃል ናት። ሰው ጣዝማ ነው ብሎ ካመነ ግድግዳውን ሳያፈርስ አይመለስም።» ሰምቼሃለሁ። ያልሰማሁህ ነገር የለም።

መልእክትህ የደረሰኝ ሰሞን ግድግዳህን ጠብቄልሃለሁ፣ ጌታ ምስክሬ ነው። የጎረቤት ልጆች ኳስ እንዳይመቱበት ቆርቆሮ አቆምኩ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ወጥቼ ካልሲያቸው ቢጫ እስኪሆን ዱቄት ተሸክመው ሲገቡ አያቸው ነበር። ሳቅ ካማረህ ደግሞ ልንገርህ፣ ለገና ፀጉሬን የምሠራበትን ቀን ሁሉ አስቤ ነበር። ሰማያዊው ቀሚሴ ይበቃኝ ይሆን ብዬ ሞክሬው፣ ዚፑ እንቢ ሲል ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄዋለሁ። ለግድግዳ የሚመጣ ሰው የሰው ፊትም ሳያይ አይሄድም ብዬ ነው።

ከዚያ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ምሳ እያቀረብኩ ሮሆቦት ከምንም ተነስታ፣ «ማሚ፣ ባቢ ለንቧ ምን ብሎ ስም ሊያወጣላት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ምን ብሎ?»

«እንዳትነግሪያት ብሎኛል።»

«ሮሆቦት፣ ንገሪኝ።»

ሹካዋን ሳህኑ ላይ ታንቀሳቅሳለች። «ታቢታ። ማለቴ በላቲን ሲሆን መጨረሻው ይቀየራል። ሥራውን አብራው ስለሠራች ነው አለኝ። የተለመደ ነው አለኝ።»

«ባለካልሲዋስ?» አልኳት።

«እሱ እኮ ስም አይደለም አለኝ፣ ማሚ።»

ጭልፋውን አስቀመጥኩ። ስም አይደለም! እኔ ያየኋት፣ እኔ የጠራኋት፣ አንተው ራስህ በአፍህ ስትጠራት የኖርክበት ስም አይደለም። የእኔ ግድግዳ ላይ የተወለደች ንብ በመጽሐፍ ላይ ለዘላለም ታቢታ ተብላ ትጻፋለች፣ እኔ ደግሞ «በርቺ»። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት ይሄን ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ረቡዕ በኅብረት ጸሎት «ሁላችንም የበደሉንን ይቅር እንበል» ሲባል አሜን አላልኩም።

በማግስቱ ሩዋይዳ የወሰደችውን ትሪ ልትመልስ መጣች። ሩዋይዳን አትረሳትም፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን፣ ጥጉ ላይ ያለው የቅመም ሱቅ ባለቤት የሰኢድ ሚስት። አማቷ ክረምቱን ሙሉ በሳል ተሰቃይተዋል፣ ያልወሰዱት መድኃኒት የለም፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። ጓሮ አብረን ቆመን ስለሳቸው ስታወራኝ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«አባይነሽዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የሚገባ የሚወጣው?»

አንተ ከናይሮቢ ስትጮኽ በጆሮዬ ሰማሁህ። እውነቴን ነው፣ ድምፅህን ሰማሁት።

«ጣዝማ ነው» አልኳት።

«ወላሂ?»

«ምን አስዋሸኝ?»

«በአላህ! መድኃኒቱ አጥር ተሻግሮ እያለ እኔ አገር ላገር እዞራለሁ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ትንሽ ብትሰጪኝ፣ ለእናታችን የአንድ ማንኪያ ያህል እንኳን…»

«ትንሽ ለምን? ቆፍራችሁ ሁሉንም ውሰዱት» አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን ስትስመኝ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ምንም አልተሰማኝም። ይህንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰኢድና ወንድሙ አብዲ ዶማ ይዘው መጡ። ሩዋይዳ ታጥቦ የደረቀ ጠርሙስ በነጠላዋ ጠቅልላ ከኋላቸው። ሰኢድ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እህቴ፣ ጣዝማ መሬት ውስጥ አይደለም እንዴ የሚሆነው? ማርም አልሸተተኝ» አለ። «ባለቤቴ ናይሮቢ ድረስ ሄዶ የተማረው ንብ ነው። ጣዝማ ነው ያለኝ እሱ ነው» አልኩት። ምሁር ካለማ አለቀ! ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ። ሰፈሩ እስካሁን ያከብርሃል፣ ይህን ማወቅህ ጥሩ ነው።

አብዲ ቀጭን ሰንበሌጥ በቀዳዳው አስገብቶ መንገዱን እየተከተለ ቆፈረ፤ ጣዝማ የሚፈለገው እንደዚያ ነው። ጥቂት እንደገባ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ወጡ፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቢጫ ልውስና አንድ ነጭ ትል። ሰኢድ በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ተፋው።

«ይሄ ማር አይደለም እኮ፣ ሽሮ ነው።»

«ይሄማ የበር መዝጊያው ነው። ጣዝማ ማሩን ሩቅ ነው የሚያስቀምጠው፣ ወደ ውስጥ ግቡ» አልኩ። ውሃ አመጣሁላቸው። «በርቱ» አልኳቸው፣ ያንተኑ ቃል። አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ ከቀትር በፊት ግድግዳው ተደረመሰ፣ ጣሪያውም ወደ አንድ ጎን አዘመመ። አባትህ በእጃቸው ያቦኩት ጭቃ ነው፣ አቧራው እስከ መንገድ ወጣ። ቁራዎቹ ትሉን ለመልቀም ወረዱ። እኔ አላባረርኳቸውም።

ሩዋይዳ ባዶ ጠርሙሷን እንደያዘች ፍርስራሹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «አባይነሽ፣ አንቺ ታውቂ ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሚያውቀው ናይሮቢ ነው።»

ጠርሙሷን በነጠላዋ መልሳ ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላም አትለኝም፤ በርበሬም ከሌላ ሱቅ ነው የምገዛው። አማቷ እስከዛሬ ያስላሉ፣ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማኛል። እሳቸው ምን አደረጉሽ ትለኝ ይሆናል። ምንም። እኔስ ታቢታን ምን አድርጌያት ነበር?

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ደረሰ። ልዋሽህ አልችልም። እጄን ታጥቤ፣ ከንጋት ጀምሮ ያልበላሁትን ሰው ሁሉ ሲሄድ ጥግብ ብዬ በላሁ።

ከሰዓት ግን ወደ ሜዳ የወጡት ንቦች መመለስ ጀመሩ። ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ቆፋሪዎቹ ሲመጡ የሸሹትም፣ ከጠዋት ጀምሮ አበባ ላይ የነበሩትም፣ ካልሲያቸው ሙሉ ዱቄት ጭነው መጡና በራቸው የነበረበት አየር ላይ ቆሙ። ግድግዳ የለም፣ እነሱ ግን እዚያው ከፍታ ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ እየተንሳፈፉ ይጠብቃሉ። ተመልሰው እስከ አቮካዶው ዛፍ ይሄዱና ቤት እንደተሳሳተ ሰው እንደገና አስተካክለው ይመጣሉ። ደጋግመው፣ ደጋግመው። ሮሆቦት ከጥናት ስትመለስ ቆሜ አገኘችኝ። «ማሚ፣ ምን አደረግሽ?» አለች። ቦርሳዋን ጣለችና አለቀሰች። «የያዙትን የት ያድርጉት?» አለችኝ።

ማምሻውን ብርድ ሲመጣ ፍርስራሹ ላይ አርፈው ደነዘዙ። አንድ በአንድ በጣቴ ለቀምኳቸው። አንዷም አልነደፈችኝም። አንዷ እንኳን ብትነድፈኝ ደስ ባለኝ። ድሮ ስታደርግ እንዳየሁህ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ፍሪዘር ውስጥ ከዓሣው ጎን አስቀመጥኳቸው። ሲደርቁ እግራቸው እንዳይሰበር በጥጥ ደልድዬላቸዋለሁ፤ ካርቶኑን ስትከፍት እጅህን ቀስ አድርግ። ሦስት ነበር ያልከኝ። ለእኔ መምረጥ ስላስቸገረኝ ያገኘኋቸውን ሁሉ ልኬልሃለሁ።

እንግዲህ ስም አውጣላቸው። ታቢታ በላቸው፣ የፈለግከውን በላቸው፣ የሞተ ስም አይመርጥም። ፕሮፌሰሩ «የት ነው የምትኖረው?» ካለህ «ሚስቴ ጓሮ ትኖር ነበር» በለው። «ምን አጠፋት?» ካለህም ምክንያቱን ታውቀዋለህ፣ መርዝ አለመሆኑን ንገረው። የቆጡን ላውርድ ስትል የብብትህን ጣልክ ብዬ ልተርትብህ ፈልጌ ነበር፤ ብብትህ ውስጥ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ተውኩት።

ፍርስራሹን አስጠርጌ መሬቱን ደልድያለሁ። ጎመን ልዘራበት ነው።

ደረሰ፣ ከገና በኋላ እመጣለሁ ብለሃል። አትምጣ አላልኩህም፤ ይህን መስመር ደግመህ አንብበው፣ አትምጣ አላልኩህም። ጓሮ ውስጥ የሚታይ ነገር ስለሌለ ፕሮፌሰርህን ብቻ አታልፋው። ያን «አባይዬ» ያልከውን ለግድግዳው ይሁን ለእኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ስንት ቀን አሰብኩት። ግድግዳው አሁን የለም። ከመጣህ፣ በፊት ለፊቱ በር ነው የምትገባው፣ ለማን እንደመጣህም አውቃለሁ። ካልመጣህም አውቃለሁ።

የናይሮቢ ጠዋት ብርድ ነው ይላሉ፣ ደረትህን ሸፍን። ጌታ ይጠብቅህ፣ ከእኔም ጭምር።

ሚስትህ
አባይነሽ